ፈተናው የሚጀምረው በር ላይ ነው

ዛሬ ስለ ምርጫ ቦርድም፣ ስለ ድርጅቶች መሰንጠቅም፣ ስለ ሽግግር መንግሥትም አናወጋም። የምናወጋው ስለ እንግሊዝኛ ፈተና ነው። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ርዕስ ነው!» የምትሉ ካላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ወይም ከአገር ቤት በስልክ የሚያገኛችሁ አንድ ፈተና ጠባቂ ልጅ መኖሩን አስቡና ጥቂት ታገሡን።

ነገሩ የሆነው ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 18 ቀን 2025) ቅዳሜ ጠዋት ነው። በአገር ቤት ከተራ ነበር፤ ታቦት የሚወርድበት ቀን። እዚህ ስቶክሆልም ደግሞ ገና በቅጡ አልነጋም፤ የእግረኛው መንገድ በረዶ ለብሶ ያንሸራትታል። ሁስቢ የምትኖር አንዲት እህታችንን አይልትስ ልትፈተን ወደ አንድ የፈተና ጣቢያ ሸኘናት። ነርስ ናት። አገር ቤት ስድስት ዓመት ሆስፒታል ሠርታለች። ወደዚህ የመጣችው በባለቤቷ በኩል ስለሆነ፣ ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2011 መጸው ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በሚመጡ ተማሪዎች ላይ የጣለችው የትምህርት ክፍያ እሷን አይመለከታትም። በቤተሰብ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው በነፃ ይማራል። የምትፈልገው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የሕዝብ ጤና ማስተርስ ነው። ከእሷ የሚፈለገው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ በአይልትስ በአማካይ 6.5፣ በየትኛውም ክፍል ከ5.5 ያላነሰ።

ማመልከቻ ማስገቢያው ከሦስት ቀን በፊት ተዘግቷል። ማስረጃዎች የሚቀርቡት ደግሞ እስከ ፌብሩዋሪ መግቢያ ነው። በወረቀት የሚሰጠው ፈተና ውጤት የሚወጣው በ13ኛው ቀን ስለሆነ፣ ያች ቅዳሜ የመጨረሻዋ ነበረች ማለት ይቻላል።

በሩ ላይ አንድ ወጣት የስም ዝርዝር ይዞ ቆሟል። ፓስፖርቷን ተቀበለ፤ ዝርዝሩን አየ፤ ፓስፖርቱን ደግሞ አየ። ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ስሟና የአባቷ ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈው ግን የአያቷ ስም ነው። ወጣቱ በትሕትና «የቤተሰብ ስምሽ የትኛው ነው?» አላት። የአባቷን ስም በጣቷ አሳየችው። እሱም አያትየውን በጣቱ አሳያት። ሁለቱም ልክ ነበሩ። አለቃው ተጠራ፤ አለቃው ደንቡን ጠራ። ስም ካልተመሳሰለ መግባት የለም፤ ገንዘቡም አይመለስም። ሌላ ቀን ብንፈልግ አንዱ ሞልቷል፣ የሌላው ውጤት ቀነ ገደቡን ያልፋል። ዓመቱ በዚያው ሄደ።

በሰማያዊው የምድር ባቡር ስንመለስ አላለቀሰችም። ፍሪድሄምስፕላን አካባቢ ስንደርስ ብቻ ቀና ብላ «ጋሼ፣ አያቴ እኮ የሞቱት እኔ ሳልወለድ ነው» አለችን። ምን ብለን እንመልስላት?

ስማችን የቤተሰብ ስም የለውም፤ አባት አለው፣ አያት አለው። ይህንን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ አንድ በር ላይ አራት ዓይነት ስም እየለጠፍን ለፖስተኛው ስናስረዳ ኖረናል። የፖስተኛው ነገር በሣቅ ያልፋል። የፈተና ምዝገባ ላይ ግን አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም እየሞላ፣ «ፀ»ን አንዱ በሁለት የላቲን ፊደል ሌላው በአንድ እየጻፈ፣ የልደት ቀኑን አንዱ በእኛ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር እያስገባ፣ ሰው ሳይፈተን ይወድቃል። ደንቡን አንቃወምም። ደንቡ ለምን እንደተሠራ ወደታች እንመለስበታለን። የተናደድነው በራሳችን ነው። ያች ልጅ አራት ወር ሙሉ ቃላት ስትሸመድድ ደጋግመን አይተናት «ምዝገባሽን እስቲ አሳዪን» አላልናትም። የጋዜጣ አርታኢ ሆነን ስንት ዓመት የሰው ስም ስናርም ኖረን፣ ይህቺ አመለጠችን።

አይልትስ ሲባል የምትሰሙት ነገር ምን እንደሆነ በአጭሩ እናስረዳ። ከእሱ በፊት የነበረው የብሪታንያ ፈተና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ ተሻሽሎ አይልትስ የሚለውን ስም የያዘው በ1989 ነው። ባለቤቶቹ የብሪቲሽ ካውንስል፣ የአውስትራሊያው አይ.ዲ.ፒ. እና ካምብሪጅ ናቸው። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አራት ክፍሎቹ ናቸው፤ ነጥቡ እስከ 9 ይደርሳል። ወድቀሃል አልፈሃል የሚባል ነገር የለውም። የሚጥልህና የሚያሳልፍህ ወረቀቱን የምትሰጠው ዩኒቨርሲቲ ወይም ኤምባሲ ነው። ውጤቱም እንደ ወተት ነው፤ ሁለት ዓመት ካለፈው ተቀባይ አያገኝም። እዚህ ስዊድን ሌሎችም መንገዶች አሉ። የፎልክዩኒቨርሲቴት የካምብሪጅ ፈተናዎች ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፣ አሜሪካኖቹ ከ1964 ጀምሮ የሚሰጡት ቶፍልም አለ። የእኛ ሰው ግን «አይልትስ» ነው የሚለው፤ ሁሉንም በዚህ ስም ይጠራል፤ እንደ ኦሞ።

አስገራሚው ነገር ይህ ነው። የኢትዮጵያ ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ነው የሚማረው። ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት የሚያስተዳድሩት ከብሪቲሽ ካውንስል የመጡ እንግሊዞች ነበሩ። በ1962 ደግሞ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በአንድ ጊዜ መጥተው በየአውራጃው ተበተኑ። እኛም ማትሪክ ተፈትነን ያለፍነው በዚሁ ቋንቋ ነው፤ ፒያሳ በነበረው የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት ስንቱን ቅዳሜ አሳልፈናል። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ልጁ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዲግሪውን ይዞ ሲቀርብ ብዙ በር ላይ «እንግሊዝኛ ማወቅህን አስመስክር» ይባላል።

ፈረንጆቹ ተሳስተዋል ማለታችን አይደለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በወረቀት ላይ ያለውና በክፍል ውስጥ ያለው እንግሊዝኛ ከተለያዩ ቆይተዋል። መምህሩ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያስረዳል፣ ተማሪው በእንግሊዝኛ ይሸመድዳል፣ ፈተናው ምርጫ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከ«ሀ» እስከ «መ» እያከበበ ያደገ ልጅ፣ ድንገት አንድ ሰው ፊት ተቀምጦ «ስለ ልጅነትህ ሁለት ደቂቃ ተናገር» ሲባል ምን ይሁን? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎችን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። ቀድሞ የነበረው ውጤት በምን እንደተገኘ ያን ጊዜ ሁሉም ገባው። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የተሰረዘውን ፈተናም አትረሱትም፤ የእንግሊዝኛው ወረቀት ቀድሞ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ፣ ከ250 ሺህ በላይ ተማሪ ጠዋት ተሰልፎ ተመለሰ። በሐምሌ ሲደገም መንግሥት ያገኘው መፍትሔ ለአገሩ በሙሉ ማኅበራዊ ሚዲያን መዝጋት ነበር። በዓመቱ ኢንተርኔቱን ራሱን ዘጋው።

ኢንተርኔት መዝጋት ካልን ዘንድ፣ ባሕር ዳር ወዳለው የእህታችን ልጅ እንለፍ።

ይህ ልጅ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ውጭ አገር ቦታ አግኝቶ የእንግሊዝኛ ውጤት ብቻ ሲጎድለው፣ መጀመሪያ ያሰበው ቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚሰጠውን የዱኦሊንጎ ፈተና ነበር። ርካሽ ነው፤ ከመቶ ዶላር በታች ነው። ሁለት ነገር ግን ይፈልጋል፦ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት። ካርዱን እኛ አለን። ኢንተርኔቱ ግን ከነሐሴ 2023 ጀምሮ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ በአማራ ክልል ለወራት ተዘጋ። ትግራይ ውስጥ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ ስልክም ባንክም ሳይቀር፣ ተዘግቶ ነበር። በእነዚያ ዓመታት መቀሌ ተቀምጦ ስኮላርሺፕ ያመለጠው ልጅ ስንት ይሆን? ቆጣሪ የለውም። ጦርነት የሚገድለው በጥይት ብቻ አይደለምና።

ስለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ ሆነበት። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ጎጃምን አቋርጦ፣ ዓባይን ወርዶ ወጥቶ፣ ጎሃ ጽዮን፣ ገርበ ጉራቻ፣ ፍቼ። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ከነአውቶቡሳቸው የታገቱት ገርበ ጉራቻ አካባቢ ነው። እናቱ «ልጄን በዚያ መንገድ አልሰደውም» ብላ ስታለቅስ በስልክ ሰማናት። በአውሮፕላን ሄደ። ዘመድ ቤት ሦስት ሌሊት አደረ። የንግግር ፈተናው «2:40» ይላል። ልጁ ያደገበትን ሰዓት ትቶ የፈረንጁን ማሰብ አልመጣለትምና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ በሩ ላይ ተገኘ። ፈተናው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ አጥር ሥር ቆሞ ዋለ። «ምን አደረግህ?» ብንለው «ጋሼ፣ መቅረት ይሻላል?» አለን። እውነት ነው፤ ስሕተቱ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ አልቆ ይደርስ ነበር።

ስለ ገንዘቡም እንናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ብር አለፈ። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ከ140 ብር በላይ ሆነ። የአይልትስ ክፍያ እንደ አገሩ ይለያያል፤ 200 ዶላር ብቻ ብንል እንኳ 28 ሺህ ብር ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተሻሻለ የተባለው የአዲስ ዲግሪ ተመራቂ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11 ሺህ 500 ብር ነው። ሳይበላ ሳይጠጣ ከሁለት ወር በላይ መሥራት አለበት፤ ለአንድ ቀን ፈተና። ፓስፖርቱም ራሱን የቻለ ዳገት ነው፤ መደበኛው ከነሐሴ 2016 ጀምሮ ከ2 ሺህ ወደ 5 ሺህ ብር ተሰቅሏል። ያለ ፓስፖርት ደግሞ የፈተናው በር አይከፈትም።

ደላላ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «ሳትፈተን 7.5 እናስመጣልሃለን» የሚል መልእክት ያልደረሰው ተፈታኝ አላገኘንም። አንዱ ጎረምሳ፣ እዚሁ ሪንከቢ፣ ስልኩን አውጥቶ ሲያሳየን «ዋጋው እኮ ደኅና ነው» አለን፤ የሊስትሮ ሒሳብ እንደሚከራከር ሰው። ቁጭ አድርገን የእንግሊዝን ታሪክ ነገርነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 የቢቢሲ ፓኖራማ ፕሮግራም ለንደን ውስጥ በተማሪ ፈንታ ሌላ ሰው ተቀምጦ «ቶይክ» የሚባለውን ፈተና ሲፈተን በድብቅ ካሜራ ቀርጾ አሳየ። መንግሥት ተቆጣ፤ ፈተናውን የሚሰጠው የአሜሪካው ድርጅት 58 ሺህ ገደማ ፈተናዎችን መርምሮ 97 ከመቶው ወይ የተጭበረበረ ወይ አጠራጣሪ ነው አለ። የብሪታንያ ብሔራዊ ኦዲት ቢሮ በ2019 ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው ከ2 ሺህ 400 በላይ ሰዎች በግድ ተባረዋል፣ ከ7 ሺህ በላይ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ራሳቸው ለቀው ወጥተዋል። ይግባኝ ብለው ያሸነፉ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። በትክክል ተፈትኖ፣ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ እየተናገረ፣ ዓመታት «አጭበርባሪ» ተብሎ የኖረ ሰው ነበር ማለት ነው። የዚያ በር ጠባቂ ወጣት ግትርነት ከየት እንደመጣ የገባን ይህንን ካስታወስን በኋላ ነው። አንዱ ሲያጭበረብር ቀጥሎ የሚመጣው አሥር ጊዜ ይፈተሻል፤ ሀገር አልባ ስም የያዘ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት።

ጎረምሳው አልመለሰልንም። ግን ቅዳሜ ከሰዓት ኪስታ መጣ።

ኪስታ ያልነው ቤተ መጻሕፍቱን ነው። የገበያ አዳራሹ ውስጥ ነው ያለው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የዓመቱ ምርጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ ተሸልሟል። ሙቀት አለ፣ ኮምፒውተር አለ፣ የሚያባርር የለም። የዚያች እህታችን ነገር ካለፈ በኋላ ከጥቂት ወዳጆች ጋር እዚያ መቀመጥ ጀመርን። ማኅበር አላቋቋምንም፣ ሊቀ መንበርም አልመረጥንም። ማኅበር ብናቋቁም ኖሮ እስካሁን ለሁለት ተከፍለን ነበር። ኦፊሴላዊ የናሙና ፈተናዎች በነፃ ይገኛሉ። አትመን እንይዛለን፤ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ይጠይቃል።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ተምረናል። አንዱ የትንፋሽ ነገር ነው። የእኛ ሰው «አዎ» ማለት ሲፈልግ አንዳንዴ አይናገርም፤ ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል፣ በቃ ተስማማ ማለት ነው። የሰሜን ስዊድን ሰዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ኡሜዮ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ትንፋሻቸውን ስበው ነው «አዎ» የሚሏችሁ። እኛና እነሱ በዚህ ዘመዳሞች ነን። የንግግር ፈተናው ግን ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ሲሆን በድምፅ ይቀረጻል፤ መቅረጫው ትንፋሽ አይመዝንም። አንድ ልጅ የልምምድ ድምፁን ብናሰማው፣ ጠያቂው ብቻውን የሚያወራ ይመስላል። ሌላው ጨዋነት ነው። ታላቅ ፊት ብዙ አትናገር፣ ዓይን ዓይኑን አትይ እየተባለ ያደገ ልጅ «ከተማህን ትወዳለህ?» ሲባል «አዎን፣ እወዳለሁ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እንግሊዝኛው አይደለም የጎደለው። «ለምን?» ባይባልም ለምን እንደሚወድ እንዲናገር፣ ነገሩ ድፍረት ሳይሆን ነጥብ መሆኑን ማስረዳት ሦስት ቅዳሜ ፈጀ።

የጽሑፉ ደግሞ ይባስ። በአንድ ሰዓት ሁለት ጽሑፍ ነው፤ አንዱ ቢያንስ 150 ቃል፣ ሁለተኛው 250 ቃል፤ ሁለተኛው እጥፍ ይመዘናል። ፈታኙ የሚፈልገው አስተያየትህ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው አንቀጽ እንዲነገረው ነው። የእኛ ልጆች ከዓለም አፈጣጠር ይነሣሉ። «ትምህርት ለሰው ልጅ ሁሉ ብርሃን መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም» ብለው ጀምረው፣ የተጠየቁት የከተማ ትራፊክ መሆኑ ትዝ የሚላቸው 180ኛው ቃል ላይ ነው። ይህንን በሽታ እኛ እናውቀዋለን። በመንግሥት ጋዜጣ የኖርን ሰዎች ነን፤ ዜናው ሳይጀመር ሦስት ባለ ሥልጣን ከነማዕረጋቸው የሚሰለፉበትን ዓረፍተ ነገር ስንጽፍ ዕድሜያችንን ፈጅተናል። ይህቺ ጽሑፍም ብትሆን በሩ ላይ እስክትደርስ ስንት መስመር እንደፈጀች አይታችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁሉም ሳንነግር አናልፍም። ውጤት ሲወጣ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው ብላችሁ አትቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የፈተናው ባለቤቶች ራሳቸው፣ ከኦገስት 2023 እስከ ሴፕቴምበር 2025 በተሰጡ ፈተናዎች ከመቶ አንድ በማይሞላው ላይ በቴክኒክ ችግር የማዳመጥና የማንበብ ነጥብ ተሳስቶ መሰጠቱን አምነዋል። ከመቶ አንድ አይሞላም ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ ፈታኞቹ በዓመት የሚፈትኑት በሚሊዮን ነው። አጠራጣሪ ነጥብ የደረሰው ሰው በስድስት ሳምንት ውስጥ እንደገና እንዲታረምለት መጠየቅ ይችላል። ገንዘብ ያስከፍላል፣ ነጥቡ ከተለወጠ ገንዘቡ ይመለሳል። ከእኛ መካከል ይህንን መብት የሚጠቀም እጅግ ጥቂት ነው። «ፈረንጅ አይሳሳትም» እንላለን፤ ወይም ዕጣችን ነው ብለን እንተወዋለን።

የባሕር ዳሩ ልጅ በመጀመሪያው ፈተና 6 አመጣ፤ የሚፈለግበት 6.5 ነበር። የጎደለችው ግማሽ ነጥብ ጽሑፍ ላይ ናት። አሁን በየሳምንቱ አንድ ድርሰት በእጁ ጽፎ፣ በስልክ ፎቶ አንሥቶ፣ መብራትና ኢንተርኔት ሲገኝ ይልክልናል። እኛም በቀይ እስክሪብቶ አርመን መልሰን እንልካለን። ለሁለተኛው ፈተና የሚሆነውን ገንዘብ ሦስት ሆነን አዋጥተናል። ኪስታ ከሚመጡት አንዱ፣ ያ የደላላ መልእክት ያሳየን ጎረምሳ፣ ሳንጠይቀው ሁለት መቶ ክሮነር ጨምሯል።

የሁስቢዋ እህታችን ባለፈው መጸው ድጋሚ ተፈተነች። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም በፓስፖርቷ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል አስገብታ፣ እኛም አይተንላት፣ ባለቤቷም አይቶላት። በአማካይ 7 አመጣች፤ ጽሑፉ 6 ነው። ማመልከቻዋም ገብቷል። ቅዳሜ ከሰዓት አሁንም ኪስታ ትመጣለች፤ አዲስ ተፈታኝ መጥቶ መጽሐፉን ሲገልጥ እጇን ዘርግታ «ቆይ፣ እሱን ተወውና መጀመሪያ ፓስፖርትህን አውጣ» ትለዋለች።